ቤል ወይም ቤሊንዳ፦ በአብርሆት ዘመን ስለተሸጠች ልጅ የከፈትኩት ክርና የመጡት መልሶች

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሃርቫርዷ የታሪክ ምሁር ኤማ ሮትስቻይልድ በ2011 ያሳተሙትን፣ በአማርኛ «የኢምፓየሮች ውስጣዊ ሕይወት» ልንለው የምንችለውን መጽሐፍ አንብቤ ከጨረስኩ ሳምንት ሆነኝ፤ ከልቤ ግን አልወጣ አለኝ። ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። በደቡብ ስኮትላንድ ዌስተርሆል ከተባለ ርስት የወጡ 11 ልጆች፣ 4 ሴቶችና 7 ወንዶች፣ የቤተሰብ ስማቸው ጆንስተን። ቤቱ ከገንዘብ ይልቅ ስም ነበረውና ወንዶቹ እንጀራ ፍለጋ በየአህጉሩ ተበተኑ። ፓትሪክ በ1756 ካልካታ ውስጥ፣ ምርኮኞች በታጨቁበት ክፍል ታፍኖ ሞተ። ጆን በህንድ፣ በቤንጋል የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሹም ሆኖ ከበረ። ጆርጅ የምዕራብ ፍሎሪዳ ገዥ ሆነ። አሌክሳንደር በግሬናዳ ደሴት ባሮች የሚሠሩበት እርሻ ገዝቶ በአባቱ ርስት ስም ዌስተርሆል ብሎ ጠራው። ዊልያም ባለጸጋ ወራሽ አግብቶ ስሙን ፑልተኒ አሰኘ፤ ከብሪታንያ ታላላቅ ሀብታሞችም አንዱ ለመሆን በቃ። እነዚህ ሰዎች የስኮትላንዳውያኑ ፈላስፎች የዴቪድ ሂዩምና የአዳም ስሚዝ ወዳጆች ነበሩ፤ ስለ ሕግና ስለ ነፃነት ይጽፉ፣ ይከራከሩ ነበር።

ጆን ከቤንጋል ሲመለስ ቤቱ ውስጥ አንዲት ከዚያው አገር የመጣች ልጅ ነበረች። በ1771 በበጋ፣ ፋይፍ በተባለው አውራጃ፣ ባልጎኒ በሚገኘው መኖሪያው ብቻዋን ወንድ ልጅ ወለደች። የሕፃኑ አስከሬን በበፍታ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሌቨን ወንዝ ውስጥ ተገኘ። እሷ ሞቶ ነው የተወለደው አለች። በመስከረም ፐርዝ ከተማ ለፍርድ ቀረበች። ከሞት ፍርድ ለመዳን ከአገር እንድትባረር አመለከተች፤ ዳኞቹም ተቀበሏት። ለአንድ የግላስጎው ነጋዴ ተላልፋ በ1772 ቨርጂኒያ ደረሰች፤ እዚያም ለዕድሜ ልክ በባርነት እንድትሸጥ ነበር ትእዛዙ። ሮትስቻይልድ እንደሚሉት፣ በብሪታንያ ደሴቶች ፍርድ ቤት ባሪያ ናት ተብሎ የተወሰነባት የመጨረሻዋ ሰው ሳትሆን አትቀርም።

በማመልከቻዋ ላይ የሰፈረው ስም «ቤል ወይም ቤሊንዳ» ነው። ማንነቷም የጆን ጆንስተን «ባሪያ ወይም አገልጋይ» ተብሎ ተጽፏል። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት «ወይም»። ስሟን እንኳ አንዱን መርጦ የሚጽፍላት አልተገኘም፤ ሁለቱም ደግሞ እናቷ ያወጣችላት አይደሉም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ስለ አብርሆት ዘመን ስናስተምር ይህችን ልጅ የት እናስቀምጣታለን? እንደ አሳዛኝ አጋጣሚ በኅዳግ ማስታወሻ? ወይስ ፈላስፎቹ በተቀመጡበት በዚያው ክፍል? እኔ በዚያው ክፍል ነው እላለሁ።

የመጡት መልሶች

ክሩ ረዝሞብናል፣ ከየት እንደምንጀምር አጣን ያሉኝ ስለበዙ የተባለውን ሁሉ በራሴ ቃል ልተርከው።

ቁጥር 1 ላይ የመጡት አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር መሆናቸውን ገልጸዋል። አመስግነውኝ፣ መርቀውኝ፣ አብርሆት ምን ማለት እንደሆነ ለወጣቶች ሳላብራራ በመጀመሬ ግን በእርጋታ ወቀሱኝ። ልክ ናቸው። ቁጥር 2 ፈጥኖ ደረሰልኝ። ቃሉ ከግእዙ «አብርሀ» የመጣ መሆኑን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ሰው በገዛ አእምሮው መርምሮ ይወስን የሚለው አስተሳሰብ የተስፋፋበትን ጊዜ ለመግለጽ እንደምንጠቀምበት ጻፈ። አያይዞም መጽሐፉ አዲስ አበባ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ።

ቁጥር 3 ገና ከመግቢያው ቆጣ ብሎ መጣ። የአውሮፓ ፈላስፎች ግብዝነት የታወቀ ነው፤ ሂዩም በ1753 ስለ ሕዝቦች ጠባይ በጻፈው ድርሰቱ ላይ ጥቁሮች በተፈጥሯቸው ያነሱ ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ የሚል ማስታወሻ ጨምሯል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። ቁጥር 4 የኢኮኖሚክስ ተማሪ ናት፤ ሂዩምን አልተሟገተችለትም፣ ስሚዝን ግን አሳልፋ አልሰጠችም። ስሚዝ በ1759 ባወጣው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ከአፍሪካ የተነጠቁ ሰዎች የመንፈስ ልዕልና ጌቶቻቸው ሊገምቱት እንኳ የማይችሉት ነው ማለቱን፣ በ1776 ደግሞ የባሪያ ጉልበት ርካሽ ቢመስልም ከሁሉ የሚወደድ መሆኑን መጻፉን፣ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያንም ክፉኛ መተቸቱን አስታወሰች። ሁሉንም በአንድ ጆንያ አትክተቱ ነው ያለችው።

እዚህ ላይ ቁጥር 5ን ራሴ ጻፍኩ። ስሚዝ ከ1767 እስከ 1773 ያንን የ1776 መጽሐፉን ያዘጋጅ የነበረው ከርኮዲ፣ እናቱ ቤት ተቀምጦ ነው። ከርኮዲ ደግሞ በዚያው በፋይፍ ነው፤ ከባልጎኒ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ አይሞላም። ስለዚህ ልጅቷ ብቻዋን ስታምጥ፣ ስለ ሰው ልጅ ርኅራኄ ዘመኑ ካፈራው ሁሉ የተሻለውን የጻፈው ሰው እዚያው ሰፈር ነበር ማለት ይቻላል። ስሚዝን ልከስበት አልፈለግኩም። በዚያው ክፍል ማለቴ ግን ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ እንዳልሆነ እንዲታይልኝ ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ቁጥር 6 ነው። ጸሐፊው የሕግ ባለሙያ ነው። በስኮትላንድ በ1690 የወጣ ሕግ እንደነበረ አስረዳን፤ አንዲት ሴት እርግዝናዋን ከደበቀች፣ ስትወልድ ሰው ለእርዳታ ካልጠራች፣ ሕፃኑም ሞቶ ከተገኘ ወይም ከጠፋ፣ መግደሏ በማስረጃ ባይረጋገጥም ነፍሰ ገዳይ ተብላ ትቆጠራለች። በዚህ ሕግ የተያዙ ብዙ ድኻ የቤት ሠራተኞች ፍርድ ሳይሰጥ ከአገር እንዲባረሩ ያመለክቱ ነበር፤ ይህ ብርቅ አይደለም። የቤልን ጉዳይ የተለየ ያደረገው መባረሯ ከሽያጭ ጋር መያያዙ ነው። አንዲት የስኮትላንድ ገረድ ብትባረር የተወሰነ ዘመን አገልግላ ነፃ ትወጣለች። ቤል ግን ከሰው ሕግ ወጥታ ወደ ዕቃ ሕግ ገባች። ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እርዳታ አለመጥራት ወንጀል የሆነባት ልጅ ማንን፣ በየትኛው ቋንቋ ትጣራ ኖሯል?

ቁጥር 7 አረመኝ፤ እርማቱን በደስታ ተቀብዬ ከላይ ያለውን አስተካክያለሁ። መጀመሪያ የለጠፍኩት ጽሑፍ የቤልን ጉዳይ በብሪታንያ የመጨረሻው የባርነት ሙግት ይለው ነበር። ስህተት ነው። ዳኛ ማንስፊልድ ለንደን ላይ፣ ጌታው በግድ ከእንግሊዝ ሊያስወጣው የነበረው ባሪያ ጄምስ ሶመርሴት እንዲለቀቅ የወሰኑት ሰኔ 1772 ነው፤ ቀጥሎም የጆሴፍ ናይት ሙግት አለ። ናይት ከጃማይካ ጆን ዌደርበርን በተባለ ጌታ የመጣ ነው። የሶመርሴትን ውሳኔ ወሬ ጋዜጣ ላይ አንብቦ ነፃነቱን ጠየቀ፤ በ1774 የፐርዝ ዳኛ ፈረደለት፤ በ1778 የኤድንብራው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባርነት በስኮትላንድ ሕግ ቦታ የለውም ብሎ አጸናለት። ልብ በሉ፣ ቤል የተፈረደባት ከተማም ፐርዝ ናት፤ በመካከል ያለው 3 ዓመት ብቻ ነው። ደግሞ የዌደርበርን ሚስት የማርጋሬት ጆንስተን ልጅ ነበረች። ማርጋሬት ከ4ቱ እኅቶች አንዷ ናት፤ በ1746 ከኤድንብራ ምሽግ እስር ቤት አምልጣ ፈረንሳይ በስደት የሞተች። እንግዲህ የመጨረሻዋ ባሪያም፣ ባርነትን በሕግ ያስሰረዘው ሰውም ከአንድ ቤተሰብ ጓዳ ወጡ። ይህን ያገናኘችው እንደ ሮትስቻይልድ ያለች ታጋሽ መርማሪ ናት፤ የመንግሥታት ታሪክ ብቻ ቢነበብ ማንም አያየውም ነበር።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ቀየረ። ቁጥር 8 ማመልከቻው ጥቁር ልጅ ይላታልና በእርግጥ ሐበሻ ናት ብሎ ደመደመ። ቁጥር 9 ክፉ መልስ መለሰለት፤ ያልተማረ እስከማለት ደርሷል። ቁጥር 10 ደግሞ ራሱ ቁጥር 8 ነው፤ ስድቡን በስድብ መለሰ፤ አልደግመውም። ቁጥር 11 ላይ የመጣችው እኅት ሁለቱንም አበረደች። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ህንዶችንም ጥቁር ብለው ይጽፉ ስለነበር ቃሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ይሁንና ወንድማችን ያነሣው ነገር ከባዶ ሜዳ አልመጣም፤ ከ1487 እስከ 1493 ቤንጋልን የገዙት ሱልጣኖች ሐብሺ የሚባሉ፣ ከእኛ ወገን በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው። በደቡብ ህንድ ደግሞ በ1626 የሞተውን ማሊክ አምባርን የማያውቅ የለም። በልጅነቱ ተሽጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ፣ የአህመድናገርን መንግሥት በእንደራሴነት እስከ መምራት ደረሰ። አምባር የሚለውን ስም ያወጣለት ጌታው ነው፤ የቀድሞ ስሙ ቻፑ ነበር ይባላል። እኅታችን እዚህ ላይ ቆማ ቤልን የሚመስለው በቀለሙ ሳይሆን በስሙ ነው አለች። ቁጥር 8 ይቅርታ ጠየቀ። ቁጥር 9 አልጠየቀም።

ቁጥር 12 የሥነ ጽሑፍ ሰው ነው፤ እውነተኛውን የኢትዮጵያ ዝምድና ያገኘው እሱ ይመስለኛል። የመዝገበ ቃላቱ ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን ለጆሴፍ ናይት የሚጠቅም መከራከሪያ በቃሉ አጽፏል። ይኸው ጆንሰን በ1735 የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ተርጉሟል፤ በ1759 ደግሞ ራስሴላስ ስለተባለ የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ አሳትሟል። ቁጥር 13 ይህን ሲያነብ ጄምስ ብሩስ ትዝ አለው። ስኮትላንዳዊው ብሩስ የካቲት 1770 ጎንደር ገብቶ በታኅሣሥ 1771 ነው የወጣው። ቤል ፐርዝ ላይ ስትቆም እሱ ጎንደር ነበር። እሱ ወደ አገሩ የተመለሰው ከመጽሐፈ ሄኖክ 3 ቅጂዎችና ከሌሎች የብራና መጻሕፍት ጋር ነው፤ ስሙም ክብሩም አብረውት ተመለሱ። አንዱ ስኮትላንዳዊ ከምሥራቅ መጽሐፍ ይዞ ገባ፣ ሌላው ሰው ይዞ ገባ።

ከ14 እስከ 17 ያለው የፈላስፋው የዘርዐ ያዕቆብ ጠብ ነው፤ አጭር አደርገዋለሁ። አንዱ አብርሆት በ1667 በተጻፈው ሐተታ ከአውሮፓ ቀድሞ እኛ ዘንድ ጀምሯል አለ። ሌላው ጽሑፉን በ1850ዎቹ ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንትዋን ዳባዲ የላከው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ ደርሶታል የሚለውን የጣሊያናዊውን ምሁር የኮንቲ ሮሲኒን የ1920 ሙግት አመጣ። ሦስተኛው ጽሑፉ የኢትዮጵያዊ ነው በሚለው በክሎድ ሰምነር ምርምር ተከላከለ። አራተኛው አገር ወዳድና አገር ከሐዲ ወደሚል ንግግር ገባ፤ አስተባባሪው ለጉዳዩ የራሱ ክር እንዲከፈት አዝዞ አቆማቸው። ትክክል ነው። ዘርዐ ያዕቆብን የምወደው ሰው ነኝ፤ ቤል ግን ከክሩ እየወጣች ነበር።

ቁጥር 18 ወደ ጉዳዩ መለሰን፤ ሂሱም ከባድ ነው። የ11 ባለ ርስት ልጆችን ደብዳቤ ማንበብ ስለ ኢምፓየር ምን ያህል ይነግረናል? በሚሊዮን የሚቆጠሩት ባሮች፣ የቤንጋል ገበሬ፣ የእርሻው ሒሳብ የት አለ? የታሪክ ምሁሯ ደብዳቤ መጻፍ ለሚችሉ ሰዎች ሌላ መጽሐፍ ጨመሩላቸው እንጂ፣ አለ። ቁጥር 19 የመለሰው በጥሞና ነው። ኢምፓየር ከሩቅ ሲታይ መርከብና ጦር ነው፤ በዚያ ቤት ግን ወሬ፣ ብድር፣ አማላጅነት፣ የሕፃናት ሕመም ነበር። ቤት የቀረችው እኅት ቤቲ ከካልካታ የመጣውን ወደ ግሬናዳ፣ ከግሬናዳ የመጣውን ወደ ለንደን ታስተላልፍ ነበር። ወንድማማቾቹ በባርነት ጉዳይ ራሳቸው ተከፋፍለዋል፤ ጄምስ የባሪያ ንግድ እንዲቀር በፓርላማ ሲደግፍ ዊልያም ተቃወመ። አንድ ማዕድ የቆረሱ ሰዎች ናቸው። ይህን ቁጥር አይነግረንም።

እኔ ከሁለቱም ተምሬአለሁ፤ ሚዛኔ ግን ወደ 19 ያደላል። ቤልን ያገኘናት ሀብታሞቹ ወረቀት ስለማይጥሉ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ ሌላ በር ግን አልነበረም።

ቁጥር 20 ላይ ከቤይሩት የተመለሰች እኅት ጻፈች። ለስድስት ዓመት የቤት ሠራተኛ ነበረች። በገባች በመጀመሪያው ቀን እመቤቲቱ ስሟ ለአፍ አይመችም ብላ ሌላ ስም አወጣችላት፤ ከእሷ በፊት የነበረችውም ሠራተኛ በዚያው ስም ትጠራ እንደነበር በኋላ ከልጆቹ ሰማች። ስሙ የሰው ሳይሆን የሥራው ነበር ማለት ነው። ሁለቱን «ወይም» ስታነብ ማልቀሷን ነገረችን። ቁጥር 21 ጠንከር ብሎ ተቃወመ፤ ደመወዝ የሚከፈላትን ሠራተኛ ለዕድሜ ልክ ከተሸጠች ባሪያ ጋር ማወዳደር የባሪያዎቹን መከራ ማቅለል ነው አለ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ብዙዎችም ተቆጡት። ቁጥር 22 እኅታችን እንደገና መጣች። አላወዳደርኩም፣ እኔ ፓስፖርቴን ይዤ አገሬ ገብቻለሁ፣ እሷ አልገባችም፤ የተናገርኩት ስለ ስም ነው ብላ በሦስት መስመር ዘጋችው። ልዩነቱን ከተቃዋሚዋ አጥርታ ያየችው እሷ ናት።

ቁጥር 23 ከደሴ የጻፈች እኅት ናት። አክስቷ በ1980ዎቹ ጅዳ ትሠራ ነበር፤ መጻፍ ስለማትችል ደብዳቤዋን በካሴት እየቀዳች በሰው እጅ ትልክ ነበር። አራት ካሴቶች በእናቷ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላ ሥር ተቀምጠዋል። አክስቷ ካረፈች ቆይታለች፤ ካሴቶቹን ግን ይበላሻሉ በሚል ፍርሃት ማንም አላጫወታቸውም። የታሪክ ምሁራን እንዲህ ያለውን ነገር ይፈልጉታል ወይ ብላ ጠየቀች። ከ24 እስከ 27 ሁሉም ተረባረበ፤ ቁጥር 21 ሳይቀር። ቴፑ ተጣብቆ እንደሆነ በመጀመሪያ በእስክሪብቶ በእጅ ቀስ አድርገሽ አዙሪው፤ የማጫወቻውን ራስ በአልኮልና በጥጥ ጥረጊው፤ ከድምፅ ማጉያ ማግኔት አርቂው፤ ስታጫውቺ በዚያው ቅጽበት ወደ ኮምፒውተር ቅጂው፤ ደጋግመሽ ወደ ኋላ አትመልሺው። የሕግ ባለሙያው ደግሞ ለማንም አሳልፈሽ ከመስጠትሽ በፊት የቤተሰቡን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ ብሎ መከረ።

ቁጥር 28 ትናንት ማታ ነው የመጣው፤ ከዚያችው ከደሴዋ። ማጫወቻ ከጎረቤት ተውሳ ከእናቷ ጋር ተቀመጡ። መጀመሪያ የአየር ማቀዝቀዣ ጉርምርምታ ብቻ ነበር፤ ረጅም ጉርምርምታ። ከዚያ አክስቷ አሠሪዎቿ ተኝተው ሳይሆን አይቀርም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። ሰላምታ አላስቀደመችም። የራሷን ስም፣ የአባቷን፣ የአያቷን፣ ቀጥላም የተወለደችበትን ቀበሌ ጠራች፤ ቆም ብላም አንድ ጊዜ ደገመችው።